ቤት ስንቀይር ትንንሹ ዕቃ ከትልቁ ይልቅ ለምን ያታግላል?

ባለመሳቢያ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። በወሩ መጨረሻ ቤት ስለምንቀይር ሰሞኑን ዕቃ በማሰር ላይ ነኝ። አልጋው፣ ቁም ሳጥኑና የመጽሐፍ መደርደሪያው ካሰብሁት በላይ በቶሎ ተፈታተው ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ስለ አልጋ የሚያከራክር ነገር የለም፤ ብሎኑን ፈትቶ በትንሽ ፌስታል ከቋጠሩ በኋላ እዚያው እግሩ ላይ ማሰር ብቻ ነው። ያቆመኝ የጽሕፈት ጠረጴዛዬ የታችኛው መሳቢያ ነው። ከውስጡ የሚወጣው ነገር ሁሉ በሁለት ጣት የሚነሣ ሆኖ ሳለ ከፍራሹ ይልቅ ያደክማል፦ የየትኛው በር እንደሆነ የማላውቀው ቁልፍ፣ የቆመ የእጅ ሰዓት፣ ጽሕፈቱ ጠፍቶ ባዶ ወረቀት የሆነ ደረሰኝ፣ ስልኩ ከእጄ ከወጣ የቆየ ቻርጀር፣ የመጀመሪያዎቹን ገጾች ብቻ በተጠነቀቀ የእጅ ጽሑፍ ሞልቼ የተውሁት የቋንቋ መማሪያ ደብተር፣ ከሁሉም በታች ደግሞ አያቴ ለእናቴ የጻፏቸው፣ በላስቲክ የታሰሩ ደብዳቤዎች።

የሚገርመኝ እነዚህን ነገሮች ለዓመታት ዞር ብዬም አላየኋቸውም፤ ጠፍተው ቢሆን ኖሮ መጥፋታቸውን እንኳ አላውቅም ነበር። አንድ ጊዜ በእጄ ከያዝኋቸው በኋላ ግን ቁልፉን ሳይቀር ቅርጫት ውስጥ መጣል አቃተኝ። ሁሉንም "ልዩ ልዩ" ብዬ በጻፍሁበት ካርቶን ከትቼ እንዳልገላገል፣ ያ ካርቶን በአዲሱ ቤትም እንደታሸገ እንደሚቀመጥ አልጠራጠርም።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይህ ነው፤ ለዓመታት የረሳነው ነገር በእጃችን ሲገባ ይህን ያህል የሚከብደን ለምንድን ነው? እናንተስ የቱ እንደሚሄድና የቱ እንደሚቀር የምትወስኑት በምን መለኪያ ነው? "ሁሉንም ጣል" ወይም "ሁሉንም ውሰድ" የሚል መልስ ብዙም አይጠቅመኝም።

ጓዝ አሳሪ

ዘመድ አዝማድ ቤት በቀየረ ቁጥር የምጠራው እኔ ስለሆንሁ ከልምድ ልመልስልዎ። ችግሩ በከፊል ከአሠራሩ ይመጣል። ዕቃ መለየትና ዕቃ ማሰር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ አብዛኛው ሰው ግን አንድ ላይ ሊሠራቸው ይሞክርና በአንዱ እጅ ፕላስተር በሌላው ደብዳቤ ይዞ ይቆማል። ማሰር ቆሞ፣ በፍጥነት፣ ብዙም ሳያስቡ የሚሠራ ነው። መለየት ግን ቁጭ ብሎ፣ ጥሩ ብርሃን ባለበት ቦታ፣ አእምሮ ሳይደክም መሠራት አለበት። መሳቢያውን ለመጨረሻው ሌሊት ካቆዩት ደግሞ ውሳኔው የእርስዎ ሳይሆን የድካምዎ ይሆናል፤ ወይ ሁሉም ይጣላል ወይ ሁሉም ይጫናል። ስለዚህ ካርቶኖቹ ቤቱን ሳይሞሉት በፊት፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያሉ አሁኑኑ ይጨርሱት።

የማሰሩን ነገር በአጭሩ ልበል። መጽሐፍ በትንሽ ካርቶን፣ ትራስና ልብስ በትልቅ ካርቶን ይግባ፤ በትልቅ ካርቶን የተሞላ መጽሐፍ ወይ የተሸካሚውን ወገብ ይጎዳል ወይ የካርቶኑ ሆድ ተቀዶ መንገድ ላይ ይዘረገፋል። ሰሃን ተነባብሮ ሳይሆን እንደ መጽሐፍ በጠርዙ ቆሞ ይታሸግ፤ በመካከሉም ወረቀት ይግባበት። ጋዜጣ የሚጠቀም ሰው ቀለሙ ነጭ ሰሃን ላይ እንደሚያርፍ ይወቅ፤ ታጥቦ ይለቃል፣ ግን ለደከመ ሰው ተጨማሪ ሥራ ነው። ካርቶን ግማሹ ባዶ ከሆነ ሌላ ሲጫንበት ስለሚጨፈለቅ ክፍተቱን በፎጣና በካልሲ ሙሉት። ምልክት በክዳኑ ላይ ሳይሆን በጎኑ ይጻፍ፤ ተደራርቦ ሲቆም የሚታየው ጎኑ ነውና። ፍሪጅ ቀደም ብሎ ባዶ ይሁን፣ በረዶው ይቅለጥ፣ ቆሞም ይጫን፤ የግድ ተጋድሞ ከተጓዘ የሞተሩ ዘይት ወደ ቦታው እስኪመለስ ለሰዓታት አቁሞ ማቆየት ያስፈልጋል። በፊት የሚከፈተው ዓይነት የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሲገዛ ከበሮውን የሚያስሩ ረጃጅም ብሎኖች ይዞ ይመጣል፤ አውልቃችሁ ያስቀመጣችሁ ካላችሁ የሚያስፈልጉት ዛሬ ነው።

ነገሬ ላይ ሳለሁ፣ ብርጭቆ የምንጠቀልልበት ያ አየር የተሞላ ላስቲክ እ.ኤ.አ. በ1957 አልፍሬድ ፊልዲንግና ማርክ ሻቫን የተባሉ ሁለት መሐንዲሶች ሲሠሩት ያሰቡት ለግድግዳ ማስጌጫ ነበር። ግድግዳ ላይ እንዲኖር የታሰበው ነገር ሥራ ያገኘው ሰው ግድግዳውን ትቶ ሲሄድ መሆኑ ያስቀኛል።

ወደ ካርቶንዎ ስመለስ፣ "ልዩ ልዩ" መኖሩን አልቃወምም፤ ሰው ነንና። መጠኑ ግን ከጫማ ሣጥን አይብለጥ። ወሰን ያለው ሣጥን ራሱ ይመርጣል፤ የቆመው ሰዓት ከገባ ቁልፉ መውጣት አለበት።

ከመጽሐፍ መደርደሪያ ሥር

ለምን ይከብዳል ላሉት፣ የምጣኔ ሀብትና የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ብዙ ደክመውበታል። ሪቻርድ ቴለር እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው ጽሑፍ ሰው አንድን ነገር የራሱ ስለሆነ ብቻ ከፍ ያለ ዋጋ እንደሚሰጠው አመለከተ፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ ከዳንኤል ካነማንና ከጃክ ክኔች ጋር በመሆን ይህንኑ በተማሪዎች ላይ ፈተነው። ለግማሾቹ አንዳንድ ኩባያ ተሰጣቸው፤ ለሌሎቹ አልተሰጣቸውም፤ ከዚያም የመሸጥና የመግዛት ዕድል ተሰጣቸው። ባለኩባያዎቹ ለመሸጥ የጠየቁት ዋጋ ሌሎቹ ለመግዛት ካቀረቡት በግምት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ልብ ይበሉ፣ ኩባያው የማንም ስጦታ አልነበረም፣ ትዝታም አልነበረበትም፤ በእጃቸው ከገባም ገና ብዙ አልቆየም። ማጣት ከማግኘት በላይ ስለሚሰማን ነው ይላሉ። መሳቢያው ተዘግቶ ሳለ ቁልፉን አልያዙትም፣ ስለዚህ የሚያጡትም ነገር አልነበረም፤ በእጅዎ ሲያነሡት ግን መጣሉ ማጣት ሆነ።

ከዚህ የሚወጣ አንድ ጠቃሚ መለኪያ አለ። "ይህን ልጣለው ወይስ ላቆየው?" ብለው ከመጠየቅ ይልቅ "ይህ ነገር የእኔ ባይሆንና ዛሬ መንገድ ላይ ባገኘው አነሣው ነበር ወይ?" ብለው ይጠይቁ። ቻርጀሩና ቁልፉ በዚህ ጥያቄ ወዲያው ይወድቃሉ። ደብዳቤዎቹ ግን በዚህ ሚዛን ሊመዘኑ አይገባም፤ ለሌላ ሰው ምንም ስለማይሆኑ ለእርስዎም ምንም አይደሉም ማለት ስህተት ነውና። መለኪያው የሚሠራው ምትክ ላለው ነገር ብቻ ነው።

ከሁሉም ይልቅ ትኩረቴን የሳበው የቋንቋ ደብተሩ ነው። ቁልፉ ያለፈ ነገር ነው፣ ደብዳቤውም እንዲሁ፤ ደብተሩ ግን ሊሆን ታስቦ ያልሆነ ነገር ነው። በእኔ ግምት ቤት ስንቀይር አብዝተው የሚያታግሉን እነዚህ ናቸው፦ ያልተነበበው ወፍራም መጽሐፍ፣ ክሩ ያልጎደለ የመስፊያ ዕቃ፣ ከሁለት ሰሞን በላይ ያልተጠለቀ የሩጫ ጫማ። ደብተሩን ስንጥል ወረቀት አንጥልም፤ ያንን ቋንቋ ሊናገር የነበረውን ሰው ነው የምናሰናብተው፤ ያም ሰው እኛ ነበርን። ዕቅዱ አሁንም ካለ ደብተሩን ጥለው ዕቅዱን ይያዙ፤ ባዶ ደብተር የትም ይገኛል። ዕቅዱ ከሌለ ደግሞ በየቤቱ እየተከተለ የሚወቅስዎትን ነገር ከፍለው የሚያስጭኑበት ምክንያት አይታየኝም።

በመካከል ላሉት፣ ማለትም ዋጋ ለሌላቸው ግን ትዝታ ላለባቸው ነገሮች፣ ፎቶግራፍ ማንሣት ይረዳል። ካረን ዊንተሪክና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት በዩኒቨርሲቲ ማደሪያዎች ውስጥ የዕርዳታ ዕቃ ማሰባሰቢያ አካሄዱ። በአንዳንዶቹ ማደሪያዎች ተማሪዎቹ ትዝታ ያለበትን ዕቃ ፎቶ አንሥተው እንዲሰጡ ተመከሩ፤ በሌሎቹ እንዲሁ እንዲሰጡ ብቻ ተጠየቁ። ፎቶ እንዲያነሡ ከተመከሩት 613 ዕቃ ሲሰበሰብ ከሌሎቹ 533 ነበር። ተአምር የሚባል ልዩነት አይደለም፤ ነገር ግን ሰው መለየት የሚፈራው ከዕቃው ሳይሆን ከትዝታው መሆኑን ያሳያል። የቆመውን ሰዓት በጥሩ ብርሃን፣ የተቧጨረው መስታወቱ እንዲታይ አድርገው ያንሡትና ከዚያ በኋላ ይወስኑ።

ሰገነት

ከላይ የተባለው መልካም ነው፤ አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። "መንገድ ላይ ባገኘው አነሣው ነበር ወይ?" የሚለው ጥያቄ ነገ መልሶ መግዛት ለሚችል ሰው ቀላል ነው። በብዙ ቤት ትርፍ ሽቦ፣ የተረፈ ቀለም፣ ባዶ ጠርሙስና ያረጀ መጋረጃ የሚቀመጠው ከስንፍና አይደለም፤ ሲያስፈልግ ለመግዛት ገንዘብ ላይኖር ይችላልና ነው። ወላጆቼ በዚያ መንገድ ነው የኖሩት፤ አባቴ ከተሰበረ ወንበር ያወጣቸውን ምስማሮች እያቀና በቆርቆሮ ያስቀምጥ ነበር፣ ምስማሮቹም በእርግጥ ሥራ ላይ ውለዋል። ዛሬ ዕቃ መቀነስን እንደ ሥነ ምግባር የሚሰብኩ ሰዎች ሲበዙ ይህንን ይረሱታል።

ስለዚህ በእኔ በኩል መለኪያው ሌላ ነው፦ ይህ ነገር ቢያስፈልገኝ ያለበትን ቦታ አውቄ በቶሎ አወጣዋለሁ ወይ? የት እንዳለ የማይታወቅ ትርፍ ዕቃ የለም ማለት ነው፤ ሲፈለግ ታጥቶ ሌላ ይገዛል፣ ሁለት ጊዜም ይጫናል። ሽቦዎቹን አንድ ቦታ ሰብስቦ፣ የምን እንደሆኑ በፕላስተር ቁራጭ ላይ ጽፎ፣ የማይታወቀውን ብቻ ማስወገድ ከሁለቱም ጽንፍ ይሻላል። ያረጀ ባትሪም ከቤት ቆሻሻ ጋር አይጣል፤ ከጓዝ ጋርም ልቅ ሆኖ አይጫን። ጫፎቹ ከብረት ጋር ከተነካኩ ሊሞቅና እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

የሁለት ልጆች እናት

አጭር ነገር ልጨምር። የልጆችን ዕቃ እነሱ በሌሉበት አትለዩ። ለእኛ እጁ የተገነጠለ አሻንጉሊት ነው፤ ለልጁ ግን ቤቱ ሁሉ ሲገለባበጥ ያልተለወጠ አንድ ነገር ሊሆን ይችላል። ዶናልድ ዊኒኮት የተባለው እንግሊዛዊ የሕፃናት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው ጽሑፍ ሕፃናት አጥብቀው ስለሚይዙት እንዲህ ስላለው ዕቃ ሲያብራራ፣ ወላጆች ቢቆሽሽና ቢሸት እንኳ እንደማያጥቡት፣ ቢያጥቡት ለሕፃኑ የሚቋረጥ ነገር እንዳለ እንደሚያውቁ ጽፏል። ትንሿ ልጄ ብርድ ልብሷን የምትይዘው ሁልጊዜ በአንድ ጠርዝ ነው፤ ያ ጠርዝ ከመታሸት ብዛት ሳስቶ ክሩ ብቻ ቀርቷል። እንዲህ ያለው ዕቃ መኪና ላይ አይጫንም፤ ከልጁ ጋር በእጅ ይሄዳል። የልጆቹም ክፍል መጨረሻ ታስሮ መጀመሪያ ይፈታ፤ ሳሎኑ ይደርሳል።

ጓዝ አሳሪ

ሰገነት ላነሡት፦ እውነት ነው፣ እስማማለሁ። ሆኖም ቦታም ዋጋ አለው፤ አዲሱ ቤት ከአሮጌው ካነሰ የምስማር ቆርቆሮው የሰው መተኛ ይሻማል። ከማሰር በፊት የአዲሱን ቤት በርና ደረጃ ስፋት በሜትር መለካትም አይረሳ። በር አልገባም ብሎ ውጭ ያደረ ሶፋ አይቻለሁና።

ባዶ ክፍል

ጥያቄው ስለ መሳቢያ ቢሆንም አንድ የታዘብሁትን ላካፍላችሁ፣ ከጉዳዩ የራቀ አይመስለኝም። ዕቃ እየታሰረ ሲሄድ የቤቱ ድምፅ ይለወጣል። መጋረጃው ከወረደ፣ ፍራሹ ከወጣ፣ ልብሱ ካርቶን ከገባ በኋላ ተራ ንግግር እንኳ ያስተጋባል፤ ለስላሳ ነገሮች ድምፅ ስለሚውጡ፣ ባዶ ግድግዳና ወለል ደግሞ ስለሚመልሱ ነው። ባለቤቴ በዚያን ሰሞን ሁለታችንም ቤታችን ውስጥ እንደ እንግዳ ዝግ ብለን መናገር መጀመራችንን አስተዋለች። እስከዚያች ቀን ድረስ "ቤቱ" እንል የነበረው ግድግዳውን ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ግማሹ መጋረጃና ምንጣፍ ኖሯል። ጠያቂው መሳቢያው የከበዳቸው ምናልባት ከዚህም የተነሣ ይሆናል። ትልልቁ ዕቃ ተፈታትቶ ቤቱ እንግዳ ከሆነባቸው በኋላ ነው ወደ ትንንሹ የመጡት፤ በዚያ ሰዓት የተለመደ ሆኖ የቀረው በመዳፍ የሚያዘው ቁልፍ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ቅደም ተከተሉን ገልብጠው ቢጀምሩ፣ መጋረጃው ሳይወርድ መሳቢያውን ቢለዩ፣ የሚቀላቸው ይመስለኛል።

ባለመሳቢያ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ቁጭ ብዬ ለየሁት። ቁልፉና ቻርጀሩ ወጡ። ደብተሩ ላይ የተባለውን ካነበብሁ በኋላ ገልጬ ሳየው የጻፍኋቸውን ቃላት አብዛኞቹን አሁንም አውቃቸዋለሁ፤ ስለዚህ የተጻፈባቸውን ገጾች ብቻ ቀድጄ አስቀርቼ ሌላውን ልጆቹ እንዲሥሉበት ሰጠኋቸው። ሰዓቱን ፎቶ አንሥቼዋለሁ፤ ግን አልጣልሁትም። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ይሄዳል።

የቀሩኝ ደብዳቤዎቹ ናቸው። እንደሚሄዱ ጥርጥር የለውም፤ እንዴት እንደሚሄዱ ግን አላወቅሁም። ላስቲኩ ከወረቀቱ ጋር ተጣብቋል፤ በመካከላቸውም አንድ የጋዜጣ ቁራጭና ሦስት ፎቶዎች አሉ። ጽሕፈቱ የጠፋውስ ደረሰኝ ይመለስ ይሆን?

ሰነድ ጠባቂ

ሥራዬ ከአሮጌ ወረቀት ጋር ስለሆነ ይህን ለእኔ ተዉልኝ። ከደረሰኙ ልጀምር፤ በአብዛኛው አይመለስም። እንዲህ ያለው ደረሰኝ የሚታተመው በቀለም ሳይሆን ሙቀት ሲነካው በሚጠቁር ሽፋን ላይ ነው፤ ሽፋኑም በብርሃን፣ በሙቀት፣ በእጅ ቅባትና በአንዳንድ የፕላስቲክ ማኅደሮች ምክንያት ይደበዝዛል። የዕቃ ዋስትና ያለበት ደረሰኝ በእጅዎ ካለ ዛሬውኑ ፎቶ ኮፒ ያድርጉት ወይም ያንሡት።

ደብዳቤዎቹን በተመለከተ፣ ላስቲኩን አይጎትቱት። በመቀስ ቆርጠው የለቀቀውን ብቻ ያንሡ፤ ወረቀቱ ላይ የተጣበቀውን ካስገደዱት ጽሑፉን ይዞ ይነሣል፣ ስለዚህ እንዳለ ይተዉት። የብረት ማያያዣ ካለ ዝጎ ወረቀቱን ስለሚበላ በቀስታ ያውጡት። የተቀደደውን በፕላስተር ለመጠገን አይሞክሩ፤ ሙጫው ከጊዜ በኋላ ቢጫ ይሆንና ወደ ወረቀቱ ይገባል። በፕላስቲክ ማስለበጥም ፈጽሞ አይገባም፣ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ መመለሻ የለውም። የጋዜጣው ቁራጭ ለብቻው ይሁን፤ የጋዜጣ ወረቀት አሲድ ስላለበት አጠገቡ ያለውን ያጠቁራል። ፎቶዎቹም በንጹሕ ወረቀት ተለይተው ይቀመጡ።

ፖስታዎቹን አይጣሉ፤ ደብዳቤው ላይ ያልተጻፈው ቀንና አድራሻ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ማኅተሙ ላይ ነው። የተቀመጡበትንም ቅደም ተከተል አይበውዙት፤ እናትዎ በዚያ መልክ ያስቀመጧቸው በምክንያት ሊሆን ይችላል። ሲጨርሱ ሳይጫኑ በወፍራም ወረቀት ማኅደር ያስገቧቸውና ከልብስዎ ጋር በእጅ ቦርሳ ይሂዱ እንጂ ከካርቶኖቹ ጋር አይጫኑ። በአዲሱም ቤት እርጥበት ያለበት ምድር ቤትና በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ሞቃት ቦታ ለወረቀት አይሆንም፤ ሰው የሚኖርበት ክፍል ቁም ሳጥን ይበቃል።

አንድ የሚያጣድፍ ነገር አለ፤ እሱም የፎቶዎቹ ነው። እናትዎ ወይም በፎቶው ላይ ያሉትን ሰዎች የሚያውቅ ሌላ ዘመድ ካለ ከጉዞው በፊት አስቀምጠው ይጠይቁና የእያንዳንዱን ስም ከጀርባው በእርሳስ ይጻፉ፤ እስክሪብቶ ወደ ፊት ያልፋልና አይጠቀሙ። ሲጽፉም ከሥሩ ጠንካራና ሸካራ ያልሆነ ነገር አንጥፈው፣ ሳይጫኑ፣ ጠርዙ አካባቢ ይሁን።